ተርማልራይት ኤኤክስፒ90-ኤክስ47፦ በጠባብ ኮምፒውተር ውስጥ ጸጥታ ለሚፈልግ ሰው

ሥራዬ መጻሕፍትን በድምፅ መተረክ ነው። ማይክሮፎኑም ኮምፒውተሩም ያሉት አንድ ጠረጴዛ ላይ ስለሆነ፣ ኮምፒውተር ስገጣጥም ከፍጥነቱ በፊት የማስበው ድምፁን ነው። በዓረፍተ ነገር መካከል ማራገቢያው ድንገት ሲያጓራ ያ ዓረፍተ ነገር አበቃለት። ደግሞ ማንበብ ይቻላል፤ የመጀመሪያው ንባብ የነበረውን ስሜት መልሶ ማምጣት ግን ከባድ ነው። ለትንሽ ኮምፒውተር አጭር የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ ሳፈላልግ የተመራሁት በዚህ ሐሳብ ነው። የመረጥኩት ኤኤክስፒ90-ኤክስ47ን ሲሆን ዛሬም በምርጫዬ ደስተኛ ነኝ። የመረጥኩበት መንገድ ብዙ ጊዜ ከሚሰጠው ምክር ስለሚለይ ግን ከእርሱ ልጀምር።

ኬዙ ፍራክታል ቴራ ነው፤ በ2023 የወጣ፣ 10.4 ሊትር የሚይዝ ውብ ሣጥን። ውስጡን ለሁለት የሚከፍል ተንቀሳቃሽ ግድግዳ አለው። በአንዱ ወገን ማዘርቦርዱ (ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) ከነፕሮሰሰሩ፣ በሌላው ወገን ግራፊክስ ካርዱ ይቀመጣል። ግድግዳው እስከ መጨረሻው ወደ ካርዱ ሲጠጋ ለማቀዝቀዣው 77 ሚሊሜትር ቁመት ይገኛል፤ ለካርዱ የሚተርፈው ውፍረት ግን 43 ነው። በተቃራኒው ሲገፋ ካርዱ 72 ያገኝና ማቀዝቀዣው 48 ላይ ይቀራል። ሁለቱንም ብትደምሩ 120 ነው። እዚህ ቤት ውስጥ ትርፍ የለም፤ ለአንዱ የተሰጠ ሚሊሜትር ከሌላው የተወሰደ ነው። የእኔ ካርድ ውፍረቱ ወደ 50 ስለሚጠጋ ግድግዳውን ከመሃል ትንሽ ወደ ካርዱ አስጠግቼ አቆምኩት፤ ለማቀዝቀዣው ከ60 ሚሊሜትር ትንሽ የሚበልጥ ቦታ አገኘሁ።

በዚህ ጊዜ የተለመደው ምክር «የሚገባውን ረጅሙን ግዛ» የሚል ነው። ብረቱ በበዛ ቁጥር ሙቀቱ ይቀንሳል ከሚል ቀላል ስሌት የመጣ ምክር ነው፤ ስሌቱም በሰፊ ኬዝ ውስጥ እውነት ነው። በጠባብ ኬዝ ውስጥ ግን ማቀዝቀዣው አየር የሚስበው ከጎን ሽፋኑ ቀዳዳዎች ነው። የማራገቢያው ፊት ሽፋኑን ሊነካ ሲደርስ፣ አፍንጫውና አፉ ላይ እጅ ተጭኖበት እንደሚሮጥ ሰው ይሆናል። አየሩ ይቀንሳል፤ ከዚህ የሚብሰው ደግሞ የሚሽከረከሩት ክንፎች ከቀዳዳዎቹ አጠገብ ሲያልፉ የሚፈጥሩት ቀጭን፣ ሰርሳሪ ፉጨት ነው። የአንድ ባልደረባዬ ኮምፒውተር ውስጥ ከተፈቀደው ቁመት በሁለት ሚሊሜትር ብቻ የሚያንስ ማቀዝቀዣ አለ። ሽፋኑ ሲከፈት ኮምፒውተሩ ዝም ይላል፤ ሲዘጋ ያፏጫል። ማራገቢያው የሚዞርበት ፍጥነት በሁለቱም ጊዜ አንድ ነው።

ስለዚህ እኔ ከተፈቀደው ቁመት ላይ ቢያንስ 10 ሚሊሜትር ቀንሼ በቀረው ነው ማቀዝቀዣ የምፈልገው። ይህ የእኔ መለኪያ ነው፤ ሽፋኑ ሰፊ ቀዳዳ ያለው ከሆነ ክፍተቱ ትንሽ ሊጠብ ይችላል።

በቀረኝ ቁመት ውስጥ የነበሩኝን አማራጮች ላንሣ። ኖክቱዋ ኤንኤች-ኤል9ኤ ቁመቱ 37 ሚሊሜትር ነው። የአሠራሩን ንጽሕና እወደዋለሁ፤ የስድስት ዓመት ዋስትናም አለው፤ ከራምም (ከኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ) ሆነ ከግራፊክስ ካርድ ጋር አይጋጭም። ነገር ግን ከ37 ላይ የማራገቢያውን 14 ሚሊሜትር ስንቀንስ ለመሠረቱ፣ ለሙቀት ቱቦዎቹና ለስስ የብረት ቅጠሎቹ በአንድነት የሚቀረው 23 ነው። ቁመቱ 47 በሆነው በኤክስ47 ላይ ደግሞ ማራገቢያው 15 ሚሊሜትር ስለሆነ 32 ይቀራል፤ የሙቀት ቱቦዎቹም አራት ናቸው። ዘጠኝ ሚሊሜትር በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። መሠረቱ በሁለቱም ላይ ተቀራራቢ ቦታ ስለሚወስድ ግን ጭማሪው ማለት ይቻላል በሙሉ የሚሄደው ሙቀቱን ለአየር ወደሚያስረክቡት ቅጠሎች ነው። 37 ሚሊሜትር የሚያስፈልገው ኬዝ ያለው ሰው ኖክቱዋውን ሳያመነታ ይግዛ፤ ቦታ ላለው ግን ያ ዘጠኝ ሚሊሜትር ሊተው አይገባም።

ከዚያ በላይ አይዲ-ኩሊንግ አይኤስ-55 በ57፣ የተርማልራይት ኤኤክስፒ120-ኤክስ67 በ67 ሚሊሜትር አሉ። ሁለቱም 120 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ማራገቢያ የያዙ ናቸው። ሰፊ ማራገቢያ ቀስ ብሎ እየዞረ ብዙ አየር ስለሚያንቀሳቅስ በመርህ ደረጃ ለጆሮ የተሻለ ነው። ችግሩ ለትንንሽ ኬዞች የሚሠራው የሚኒ-አይቲኤክስ ማዘርቦርድ ራሱ 170 በ170 ሚሊሜትር መሆኑ ነው። በዚያች ካሬ ላይ 120 በ120 የሆነ ነገር ሲቀመጥ በራሙ ላይ ያጠላል፤ በሌላው ወገን የኃይል ማስተካከያ ክፍሎቹን የሸፈነው ብረት ይጠብቀዋል። አጭር ራም፣ 31 ሚሊሜትር አካባቢ የሆነ፣ ብዙ ጊዜ ያልፋል። የእኔ ራም ረጅም ሽፋን ያለው ነው፤ ለማቀዝቀዣ ብዬም ደህና ራም አልቀይርም። 67ቱ ደግሞ ከሽፋኑ ጋር ስለሚጋጭ ገና ከመነሻው ወድቋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ እርሱም ዋት ነው። ማቀዝቀዣ ከመመረጡ በፊት ፕሮሰሰሩ በእውነት ስንት ዋት እንደሚወስድ መታወቅ አለበት፤ በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ደግሞ ይህን አይነግራችሁም። የእኔ ፕሮሰሰር፣ የኤኤምዲው ራይዘን 7 7700፣ 65 ዋት ተብሎ ይሸጣል፤ በሥራ ላይ ግን እስከ 88 ዋት እንዲወስድ ተፈቅዶለታል። ወንድሙ 7700ኤክስ 105 ተብሎ 142 ይወስዳል። የኢንቴል ኮር አይ5-13400 መነሻው 65 ሲሆን ጣሪያው 148 ነው። «65 ዋት ነውና ትንሽ ማቀዝቀዣ ይበቃዋል» ብሎ የሚገዛ ሰው ሥራው ሲከብድ የሚሰማው ጩኸት ከዚህ ልዩነት የሚመጣ ነው።

እንደ እኔው ባሉ፣ ኤኤም5 በሚባለው የኤኤምዲ መግጠሚያ ላይ በሚቀመጡ ፕሮሰሰሮች ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ኤኤምዲ የቆዩት ማቀዝቀዣዎች በአዲሱ መግጠሚያ ላይም እንዲሠሩ ሲል የፕሮሰሰሩን ጠቅላላ ቁመት ከእርሱ በፊት እንደነበረው እንደ ኤኤም4 ጠበቀው፤ በዚህም የላይኛው የብረት ክዳን ወፍራም ሆነ። ከሥሩ ስምንቱ ኮሮች (የማስላት ክፍሎች) ያሉበት ቁራጭ ስፋቱ 70 ካሬ ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ሙቀቱ ሁሉ ከዚያች ነጥብ ተነሥቶ ወፍራሙን ክዳን አልፎ ነው ማቀዝቀዣው ዘንድ የሚደርሰው። መንገዱ የሚጨናነቀው ማቀዝቀዣው ጋር ከመድረሱ በፊት ስለሆነ፣ ከላይ የቱንም ያህል ብረት ብንከምር የምናገኘው ትርፍ ከምንጠብቀው ያንሳል። ከምንጩ ዋት መቀነስ ግን ወዲያውኑ ይታያል።

በባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ በሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ) ውስጥ የኃይል ጣሪያውን ከ88 ወደ 65 ዋት አወረድኩት። ለውጡ ትልቅ ነው። በ88 ዋት ረጅም የቪዲዮ ሥራ ሲሠራ ሙቀቱ ከ80 ዲግሪ አልፎ ይሄድና ማራገቢያው ጎልቶ ይሰማ ነበር። አደጋ የለውም፤ ኤኤምዲ ለዚህ ፕሮሰሰር ያስቀመጠው ጣሪያ 95 ዲግሪ ነው። ጉዳዩ የጆሮ ነው። በ65 ዋት ከ70 ብዙ ሳያልፍ ይረጋል፤ ሥራው የሚወስደው ጊዜ ትንሽ ቢረዝምም በእኔ ሥራ ላይ ልብ የሚባል አይደለም። የመጨረሻዎቹ ዋቶች ከሚጨምሩት ፍጥነት ይልቅ የሚጨምሩት ሙቀት ይበልጣልና። ከርቭ ኦፕቲማይዘር በሚባለው ማስተካከያ ቮልቴጁን ጥቂት ዝቅ ማድረግም ይረዳል፤ ፕሮሰሰሮች ግን እርስ በርስ ስለሚለያዩ የሌላ ሰው ቁጥር ሳይቀዳ በትንሽ በትንሹ እየሞከሩ መሄድ ይሻላል።

ከዚያ የማራገቢያው ፍጥነት ይስተካከላል፤ በድምፅ ለሚሠራ ሰው ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ይመስለኛል። ራይዘን ሙቀቱ በአንዲት ሴኮንድ ውስጥ ይዘላል፤ አንድ ፕሮግራም ሲከፈት ከ45 ወደ 65 ወጥቶ ይመለሳል። ማራገቢያው ይህን ሁሉ ዝላይ ከተከተለ ከፍ ዝቅ እያለ ቀኑን ይውላል። እኔ እስከ 70 ዲግሪ ድረስ ፍጥነቱ አንድ እንዲሆን አድርጌ፣ ከዚያ በላይ ለመጨመርም ጥቂት ሴኮንዶች እንዲታገሥ አዘዝኩት። ማይክሮፎን ውስጥ የሚገባ ድምፅ ሳይለዋወጥ አንድ ዓይነት ሆኖ ከቆየ በኋላ ላይ በማጽጃ ፕሮግራም ማውጣት ይቻላል፤ ፕሮግራሙ ጸባዩን አንድ ጊዜ ተምሮ ከቅጂው ሁሉ ይቀንሰዋል። የሚለዋወጥ ድምፅ ግን ከንባቡ ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ ሲነቀልም የአንባቢውን ትንፋሽ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ለእኔ ጸጥታ ማለት ዝቅተኛ ድምፅ ብቻ አይደለም፤ የማይወላውል ድምፅም ነው፤ ኤክስ47 በዚህ አሠራር ይህን ሰጥቶኛል።

የኤክስ47 ሙሉ የመዳብ ዓይነትም አለ፤ ሲታይ ያምራል። መዳብ ሙቀትን ከአሉሚኒየም በጣም በተሻለ ያስተላልፋል፤ በሙቀት ማስተላለፍ መለኪያው (ዋት በሜትር በኬልቪን) ወደ 400 ሲደርስ አሉሚኒየም 240 አይሞላም። ሆኖም በእንዲህ ያለ አጭር ማቀዝቀዣ ላይ ገደብ የሚሆነው አየሩ ነው። ቅጠሎቹ አጫጭር በመሆናቸው ሙቀቱ እስከ ጫፋቸው ለመድረስ ሩቅ መንገድ የለበትም፤ ስለዚህ ከመዳቡ የሚገኘው ጥቅም ጥቂት ዲግሪ ነው። በአንጻሩ መዳብ በተመሳሳይ መጠን ከሦስት እጥፍ በላይ ይከብዳል፤ ያ ክብደት ደግሞ ቆሞ ከሚቀመጥ ማዘርቦርድ ላይ ይንጠለጠላል። ኮምፒውተሬን በቦርሳ ይዤ ስለምንቀሳቀስ አሉሚኒየሙ ይሻለኛል ብዬ ወሰንኩ።

ስለ ክፍተቱ ቀደም ብዬ የተናገርኩት ሌላ ገጽ አለው። ክፍተቱ ከመጠን በላይ ሲሰፋ ከቅጠሎቹ ሥር የወጣው ሙቅ አየር ዞሮ ተመልሶ በማራገቢያው ይሳባል፤ ማቀዝቀዣው የራሱን ሙቀት ይጠጣል ማለት ነው። በእኔ ኬዝ ከማራገቢያው እስከ ሽፋኑ የሚቀረው ከአንድ ተኩል ሴንቲሜትር ብዙም አይርቅም። በማራገቢያው ዙሪያ ከስስ ስፖንጅ የተቆረጠ ቀለበት አስቀምጬ እስከ ሽፋኑ አደረስኩት፤ ከውጭ የሚገባው አየር ብቻ እንዲሳብ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ከድካሙ አንጻር ብዙ የሰጠኝ ይህ ቀለበት ነው። ስፖንጁ ክንፎቹን እንዳይነካ ከክፈፉ ጠርዝ ወደ ውስጥ መግባት የለበትም።

አንዳንዶች ያንን ክፍተት በሌላ መንገድ ይጠቀሙበታል፤ ስሱን ማራገቢያ አውልቀው 25 ሚሊሜትር ውፍረትና 92 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ሌላ ያስገባሉ። ጠቅላላ ቁመቱ 57 ይሆናል። ወፍራም ማራገቢያ ጥቅጥቅ ባሉ ቅጠሎች መካከል አየር ለመግፋት የበለጠ ጉልበት ስላለው ሐሳቡ መልካም ነው፤ 70 ሚሊሜትር ቦታ ቢኖረኝ እኔም አደርገው ነበር። ባለኝ ቦታ ግን ሽፋኑን መልሶ ያቀርበዋል።

ስትገጥሙ ማቀዝቀዣውን፣ የማራገቢያውን ገመድና የፕሮሰሰሩን ኃይል ገመድ ማዘርቦርዱ ኬዙ ውስጥ ሳይገባ ጨርሱ፤ ከገባ በኋላ ጣት የሚደርስበት ቦታ የለም። የሙቀት ቱቦዎቹ የሚታጠፉበትን ወገን ደግሞ አስቀድማችሁ ወስኑ። እኔ መታጠፊያውን ከራሙ በተቃራኒ ነበር ላደርገው የፈለግኩት፤ የኃይል ማስተካከያው ብረት ከፍ ያለ ስለሆነ ወደ ማዘርቦርዱ የላይ ጠርዝ አዞርኩት። አየሩ ወደ ታች ስለሚነፍስ እነዚያ ክፍሎችና የማከማቻ ካርዱም ይቀዘቅዛሉ፤ ይህ ጠባብ ኬዝ ውስጥ የማይናቅ ጥቅም ነው።

ግራፊክስ ካርድ የማይጠቀም ሰው የእኔን ምርጫ አይከተል። ግድግዳውን እስከ ዳር ገፍቶ 77 ሚሊሜትር ማግኘት ስለሚችል፣ 70 ሚሊሜትር የሆነው ኖክቱዋ ኤንኤች-ኤል12ኤስ ይሻለዋል። ክፍተቱ እኔ ከምለው 10 ሚሊሜትር ያንሳል፤ በዚያ ማቀዝቀዣ ላይ ግን ባለ 120 ማራገቢያውን ከቅጠሎቹ ሥር ማድረግ ስለሚቻል ክንፎቹ ከሽፋኑ ይርቃሉ። ከሥር ሲሆን ግን ራሙ አጭር መሆን አለበት። እንደ ራይዘን 9 7950ኤክስ ያለ እስከ 230 ዋት የሚወስድ ፕሮሰሰር ያለው ደግሞ ወይ ኃይሉን በብርቱ ይገድብ፣ ወይ ሰፋ ያለ ኬዝ ይፈልግ።

ቅጠሎቹ የተቀራረቡ ስለሆኑ አቧራ የሚይዙት ከላይ፣ ከማራገቢያው ሥር ነው፤ ከውጭ አይታይም። ሙቀቱ ያለ ምክንያት ከፍ ማለት ሲጀምር ማራገቢያውን አውልቆ በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ ይበቃል። በአየር የምትነፉት ከሆነ ክንፎቹ እንዳይሽከረከሩ በጣት ይዛችሁ ንፉ።