«ሁሉንም አዞርልዎታለሁ» የሚል የኢሜይል ሠራተኛ ከመጣባችሁ

የድርጅታችሁን ኢሜይል ከአንድ ሰርቨር (ደብዳቤው ከሚቀመጥበት ኮምፒውተር) ወደ ሌላ ለማዛወር ያሰባችሁ የጎንደር ሰዎች፣ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ይህችን አንብቡልኝ። እኔ 24 ሺህ ብር ከፍዬ የስድስት ዓመት ደብዳቤዬን ግማሹን አጣሁ። ካላንደሬ ተዘበራረቀ። ዶሜይኔም፣ ከኢሜይላችን @ በኋላ ያለው ስም፣ እስከ ዛሬ በሌላ ሰው ስም ነው ያለው። የሱቁን ስም አልጠራም። ስሙን ብጠራ እሱ ጋ አትሄዱም፣ ያንኑ ቃል የሚላችሁ ሌላ ሱቅ ትገባላችሁ።

እኔና እህቴ ፒያሳ አካባቢ ስምንት ክፍል ያላት እንግዳ ማረፊያ አለችን። ሰሜን ተራሮች መውጣት ለሚፈልግም መኪናና አስጎብኚ እናገናኛለን። እንግዳ በቀነሰበት በዚህ ዘመን አንዲት ኢሜይል ማለት የአንድ ሳምንት ገበያ ናት። የድሮው ሰርቨራችን ግን ቦታ እየሞላበት የሚመጣውን ደብዳቤ ሳይቀበል ለላኪው መመለስ ጀመረ። እንቀይር ተባባልን። አንድ ልጅ መጣ። ጨዋ ነው፣ ቋንቋው ለስላሳ ነው። «ጋሼ፣ አያስቡ። ሁሉንም አዞርልዎታለሁ። በአንድ ቀን ያልቃል» አለኝ። ሦስት አድራሻ አለን፣ ለአንዱ ስምንት ሺህ። «ደረሰኝ ካልፈለጉ ደግሞ ቫቱ ይቀርልዎታል» አለ። 15 በመቶ ቀረልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ሙሉውን ከፈልኩ።

ማታ ደወለ። «ሁሉም ዞሯል፣ ይሞክሩት።» ከስልኩ «ሰላም» የምትል ደብዳቤ ላከልኝ። ወዲያው ገባች። እኔም ጨረስን አልኩ። አሁን ሳስበው ያቺ «ሰላም» ያሳየችኝ አዲሱ ሰርቨር እንደሚሠራ ብቻ ነው። ስለ አሮጌዎቹ አንዳች አልነገረችኝም።

ከአራት ቀን በኋላ ጠዋት ሹፌራችን ግቢ ውስጥ መኪናዋን እያጠበ ነበር። ጎማው ላይ ደርሷል። በሩ ተንኳኳ። ሁለት ሽማግሌ ፈረንጆች፣ ባልና ሚስት፣ ሻንጣቸውን ይዘው በኮንትራት ታክሲ ደረሱ። አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ቆመው ሲጠብቁን ቆይተው ተስፋ ቆርጠው ነው የመጡት። ሹፌሩ ጨርቁን እንደያዘ ስልኩን አወጣና አሳየኝ። «ይኸው፣ 5 ሰዓት ተኩል ነው የሚለው!» አለ። ልክ ነበር፣ ስልኩ እንደዛ ይላል። አውሮፕላኑ ግን ያረፈው 2 ሰዓት ተኩል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህቴ ቀጠሮውን በፈረንጅ ሰዓት 8:30 ብላ ጽፋው ነበር። ልጁ ካላንደሩን ሲገለብጥ ፋይሉ ላይ የሰዓት ቀጠናው አልተጻፈም። አዲሱ ሰርቨር የግሪንዊች ሰዓት መስሎት ሦስት ሰዓት ጨመረበት፤ እኛ ከግሪንዊች ሦስት ሰዓት እንቀድማለንና። 8:30 የነበረው 11:30 ሆነ። በኛ አቆጣጠር 5 ሰዓት ተኩል። ታዲያ እኛ በፈረንጅ ሰዓትና በኛ መካከል ስድስት ስንደምር ስድስት ስንቀንስ ነው የኖርነው። በመሀል ሦስት ቢገባበት ማን ይነቃል? የወሩ ቀጠሮ በሙሉ እንዲሁ ተገፍቶ ነበር።

የሚደጋገሙት ደግሞ ባሱ። ረቡዕ ረቡዕ አንሶላ ለልብስ አጣቢዋ ይሰጣል የሚለው አንድ ረቡዕ ብቻ ቀረ። ለአስጎብኚዎቹ ያጋራነው ካላንደርም እኛ ጋ ብቻ ይታያል፤ ማጋራት አብሮ አይዞርም፣ እንደገና አንድ በአንድ መስጠት ነው። (አንዱ ጥፋት ግን የኛው ነው። ጥምቀትን «በየዓመቱ ጃንዋሪ 19» ብለን ነበር የመዘገብነው። ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት በኋላ ያለው ጥር 11 በፈረንጆቹ 20 ላይ ይውላል፤ በ2024 እንደዛ ሆኗል፣ በ2028ም ይሆናል። ለዚህ ቴክኒሻን አልወቅስም።)

ወደ ደብዳቤዎቹ ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፣ ገንዘባችሁ ያለው እዚህ ነው።

ኢሜይል ከሰርቨር የሚወሰድባቸው ሁለት የታወቁ መንገዶች አሉ። አንዱ ፖፕ ይባላል፣ ሌላው አይማፕ። ፖፕ የሚያውቀው የገቢ ሳጥኑን ብቻ ነው። ፎልደር የሚባል ነገር አያውቅም። የላካችሁትን አያይም። ብዙ ጊዜ ደግሞ ደብዳቤውን ኮምፒውተር ላይ አውርዶ ሰርቨሩ ላይ ያለውን ይሰርዛል፤ «ቅጂው ሰርቨሩ ላይ ይቆይ» የምትለዋን ካልነኩለት በቀር። አይማፕ ግን ፎልደሮቹን እንዳሉ ያያል። አንዱን ሰርቨር ከሌላው ጋር አገናኝቶ በቀጥታ ማስገልበጥም ይቻላል፤ ደብዳቤው በናንተ ቢሮ መስመር ማለፍ አያስፈልገውም፣ መብራት ቢጠፋም ሥራው እዚያው ይቀጥላል።

የኛ ልጅ በፖፕ ነው ያወረደው። ያውም በኛው ኮምፒውተር፣ በኛው ኢንተርኔት፣ መብራት ሁለቴ እየጠፋበት። በዚህ ሁኔታ የገቢ ሳጥኑ መጣ፣ «የተላኩ» ግን አልመጣም። ስንት ብር እንደተስማማን፣ ለማን ምን ቅናሽ እንደሰጠን፣ ማን ሰርዞ ማን እንዳጸና፣ ያ ሁሉ ያለው በላክነው ውስጥ ነው። የሌላ ሰው ደብዳቤ ይዤ የራሴን ቃል አጣሁ።

እህቴ በአማርኛ የሰየመቻቸው ፎልደሮችም ነበሩ። «ጥምቀት»፣ «ደባርቅ»፣ «ያልከፈሉ»። ልጁ በዚያው ቀን አንዷን አድራሻ በአይማፕም ሞክሯት ነበር። ፎልደሮቹ መጡ፣ ስማቸው ግን የፈረንጅ ፊደልና ቁጥር የተዘበራረቀበት ሆነ። ምክንያቱ ይታወቃል። አይማፕ የፎልደር ስም ሲያስቀምጥ ፊደላችንን በራሱ ኮድ ይለውጠዋል፤ የማዞሪያው ፕሮግራም ኮዱን መልሶ ካልፈታው እንደዚያው ይቀራል። በአማርኛ የምትሰይሙ ካላችሁ ከመዞሩ በፊት ስሞቹን ወረቀት ላይ ጻፉ። እኛ «ያልከፈሉ» የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አንድ በአንድ ከፍተን አየን።

ሦስተኛው ጥፋት ጸጥ ያለው ነው። ደብዳቤ ወደየትኛው ሰርቨር እንደሚሄድ ለዓለም የሚናገር ኤምኤክስ የሚባል መዝገብ አለ። እሱ ሲቀየር ሁሉም ሰው ባንዴ አይሰማም። የቀድሞውን አድራሻ ለተወሰነ ሰዓት ይዘው የሚቆዩ አሉ፤ አንዳንዱ አንድ ቀን ሙሉ። ስለዚህ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ከአንድ ሁለት ቀን በፊት ያንን ጊዜ ወደ አምስት ደቂቃ ያወርደዋል፣ ከዚያ ይቀይራል። አሮጌውንም ቢያንስ አንድ ወር ክፍት ይተወዋል። የኛ ልጅ የአሮጌውን አድራሻዎች በዚያው ምሽት አጠፋቸው። «ለምን በከንቱ ይከፍላሉ» ብሎ ነው፣ ለኔው አስቦ! ሰርቨሩ ዝም ብሎ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ የላኪው ማሽን ለቀናት ደጋግሞ ይሞክር ነበር። ሰርቨሩ ግን እየሠራ ነው፣ አድራሻችን ነው የሌለው። ለጻፈልን ሁሉ «እንዲህ የሚባል ተቀባይ የለም» እያለ መለሰ። አንድ የቆየ ደንበኛችን ከሳምንት በኋላ በዋትሳፕ «ዘጋችሁ እንዴ?» ብሎ ጠየቀን። ሳይጠይቁን የቀሩት ስንት እንደሆኑ እግዜር ይወቀው።

እኛ የላክነውም ስፓም ውስጥ መግባት ጀመረ። ይህ ልጁ አዲሱ ሰርቨር በኛ ስም እንዲልክ የተፈቀደለት መሆኑን ኤስፒኤፍና ዲኪም በሚባሉት መዝገቦች ስላላስመሰከረለት ነው። ጉግልና ያሁ በፈረንጆቹ 2024 ከፌብሩዋሪ ጀምሮ በዚህ ጥብቅ ሆነዋል። የግማሽ ሰዓት ሥራ ናት፣ ሌላ ልጅ ሻይ ጠጥቶ አስተካከለልኝ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ልጁ መጀመሪያ ላይ «ዶሜይኑንም ወደኛ እናምጣው፣ አንድ ላይ ይሁን» ብሎኝ ነበር። በኢሜይሌ አንድ ኮድ መጣ፣ በስልክ አነበብኩለት። ያ ኮድ የቤት ካርታ እንደማስረከብ መሆኑን ማን ነገረኝ! ዶሜይኑን በራሱ ስምና በራሱ ኢሜይል አስመዘገበው። የእድሳት ማስታወቂያው የሚመጣው ለሱ ነው፣ ለኔ አይደለም። መልስልኝ ስለው «60 ቀን ይቆለፋል፣ ሕጉ ነው» አለ። ለዶት ኮም ይህ ሐሰት አይደለም፤ ከተዘዋወረ በኋላ ወደ ሌላ መዝጋቢ (ዶሜይን የሚመዘግብ ድርጅት) ለመውሰድ ብዙውን ጊዜ 60 ቀን መጠበቅ አለ። ግን እዚያው መዝጋቢ ውስጥ በራሴ ስም አካውንት ከፍቶ ሊያስገባልኝ ይችል ነበር።  አሁን «የዓመት አገልግሎት» የሚል ሌላ ክፍያ ጠይቆኛል። ልከሰው ነው ስል ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ? «ጋሼ፣ ደረሰኝ አለዎት?»

የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ፣ ቁጥር 813/2006፣ ነጋዴ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት ይላል። ግዴታው የሱ ነበር። ቫቱን ትቼ እጄን ያሰርኩት ግን እኔው ነኝ።

እናንተስ ምን አድርጉ? «ሁሉንም» የምትለውን ቃል አትቀበሉ። «ሁሉም ማለት ምን ምን ነው?» በሉትና በጽሑፍ ይስጣችሁ፤ የገባው፣ የተላከው፣ ፎልደሮቹ፣ የስልክና የአድራሻ ዝርዝሩ፣ ካላንደሩ። አይማፕ ራሱ ካላንደር አያዞርም፣ ደብዳቤ ብቻ ነው የሚያዞረው። ካላንደሩን ራሳችሁ አይሲኤስ በሚባለው የካላንደር ፋይል አውርዳችሁ ፍላሽ ላይ አስቀምጡት፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከሦስቱ አድራሻ መጀመሪያ አንዱን፣ ብዙ የማትጠቀሙበትን፣ ያዙር። ከዚያ ቁጠሩ። አሮጌው ላይ በየፎልደሩ ስንት ደብዳቤ አለ፣ አዲሱ ላይ ስንት ደረሰ። ከካላንደሩም ሰዓታቸውን በቃላችሁ የምታውቋቸውን አምስት ቀጠሮዎች አውጥታችሁ እዩ። ሳትቆጥሩ ቀሪውን ብር አትልቀቁ። ዶሜይኑ በስማችሁ ይሁን። የሚመዘገብበት ኢሜይል ደግሞ በዚያው ዶሜይን የሚሠራ አይሁን፤ ዶሜይኑ ሲበላሽ ያ ኢሜይልም አብሮ ይጠፋልና መግቢያ ታጣላችሁ። ሲጨርስ ፓስወርዱን ሁሉ ቀይሩ። የኛዎቹ ልጁ ደብተር ላይ በእስኪብርቶ ተጽፈው አይቻቸዋለሁ።

ጊዜውንም ምረጡ። ጥምቀት እየተቃረበ ባለበት ጊዜ ማንም ምንም እንዳይነካባችሁ። እኔ ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው ያስነካሁት።

ያተረፈን የእህቴ ደብተር ነው። ካላንደር ላይ የምትመዘግበውን ሁሉ ባለ መስመር ደብተር ላይም ትጽፋለች። «ወንድምዓለም፣ ኮምፒውተር አላምንም» ስትለኝ ስንት ጊዜ እንደሳቅኩባት። አሁን ማታ ማታ ቡና አፍልተን እሷ ታነባለች፣ እኔ እመዘግባለሁ። ትናንት ጥር 10 ላይ ደረስን። ለከተራ ማታ ክፍል 6 ላይ ሁለት ስም ተጽፏል፣ አንዱ ሰርዟል። እህቴ የስረዛውን ማረጋገጫ መጻፏን ታስታውሳለች፣ ለየትኛው እንደሆነ ግን አታስታውስም። ደብዳቤው «የተላኩ» ውስጥ ነበር።