የትንሽ ከተማ ጠላ ቤት ሲመዘን

ደጃፉ ላይ እንጨት ተተክሎ ጫፉ ላይ ጣሳ የተደፋበት ቤት ጠላ ቤት ነው። ሌላ ሰሌዳ የለውም፤ ስሙም አብዛኛውን ጊዜ የባለቤቷ ስም ነው። አገሩን የማያውቅ መንገደኛ አንዱን ከሌላው የሚለይበት ምልክት ስለሌለው፣ ከሦስት ቀን በፊት የተከፈተ ጋን የተቀመጠበት ቤት ይገባና «ጠላ አይስማማኝም» ብሎ ይወጣል። ይህ ግምገማ ለእሱ ይጠቅማል። የሚመዘነው አንድ ቤት አይደለም፤ በሸዋ፣ በወሎ፣ በጎጃምና በጎንደር ትንንሽ ከተሞች ገበያ ጠብቆ የሚከፈተው ጠላ ቤት ነው።

ፍርዱን ከፊት ለማስቀመጥ፦ በገበያ ቀን፣ ከ6 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ዕለቱን ከተከፈተ ጋን የተቀዳ ጠላ በትንሽ ከተማ ውስጥ በጥቂት ብር ከሚገኙት ደስታዎች አንደኛው ነው። በሁለተኛው ቀን ያው ቤትና ያው ጋን ለብ ያለ ምስጋና ነው የሚያገኙት። በሦስተኛው ቀን ሻይ ማዘዝ ይሻላል።

ይህ የሆነው ጠላው በሚጠመቅበት መንገድ ምክንያት ነው። ገበያው ቅዳሜ ከሆነ ሥራው እሁድ ግድም ይጀመራል። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ይታሻል፣ ይታጠባል፣ ከዚያ ተደፍቶ በወይራ ጭስ ይታጠናል። የተወቀጠ የጌሾ ቅጠልና ጥቂት ብቅል በውሃ ተበጥብጦ ይጠነሰሳል። ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ፊቱ አረፋ ሲይዝ ወፍራም ቂጣ ይጋገርና በረድ ሲል እየተቆረሰ ይገባበታል፤ የቀረው ብቅልና የጌሾው እንጨትም አብሮ ይጨመራል። ቀጥሎ እንኩሮው ነው፦ ተቆልቶ የተፈጨው አሻሮ ውሃ እየነካው ምጣድ ላይ እስኪፈረፈር ይበስላል፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ጋን ይገባል። ድፍድፍ የሚባለው ይህ ነው። ሐሙስ ማታ ውሃ ይሞላና የጋኑ አፍ ተከድኖ ይመረጋል፤ ቅዳሜ ጠዋት ይከፈታል። ደብረ ብርሃንና መንዝ ብርዱ ስለሚያዘገየው አንድ ሁለት ቀን ይጨመርለታል፤ ቆቦ ሜዳ ላይ ደግሞ ይቸኩላል።

ምርጉ ከተነሳ በኋላ አየር ይገባል። አልኮሉን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጡት ረቂቅ ተሕዋስያን አየር ይወዳሉ። ጋኑ በጎደለ ቁጥር ከላይ ያለው ባዶ ቦታ ይሰፋል፣ መኮምጠጡም ይፈጥናል። ስለዚህ ጥሩ ጠላ ቤት ማለት ትልቅ ጋን ያለው ቤት አይደለም። ጋኑን ከጠዋት እስከ ማታ ጨርሶ የሚገለብጥ ቤት ነው። ደንበኛ የሚጋፋበት ቤት መምረጥ ለጫጫታ ብሎ ሳይሆን ለዚህ ነው።

ስትገቡ መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ዛሬ የተከፈተ ነው?» ደህና ጠማቂ በዚህ አትቆጣም፤ እንዲያውም ደስ ይላታል። «የትናንት ነው፣ ግን ደህና ነው» ካለች እውነተኛ ሰው ናት፤ ግማሽ አስቀድታችሁ ቅመሱ። ጥያቄውን ሳትመልስ ጣሳውን ከሞላች መልሱን አግኝታችኋል። ደጃፍ ላይ ያለውን ጣሳ ብቻ ማመንም አይገባም፤ ትናንት የተሰቀለው ጠላው ካለቀም በኋላ ሳይወርድ ይቀራል።

ቀጥሎ ዓይንና አፍንጫ ይሠራሉ። የእህሉ ዓይነት መልኩን ስለሚወስን በቀለም ብቻ መፍረድ ስህተት ነው። መንዝና ደብረ ብርሃን ገብስ ነው፤ ዳንግላና መራዊ ዳጉሳ ይበዛል፤ ቆላው ማሽላ ነው፤ በቆሎ ደግሞ ዋጋው ስለሚቀል በየቦታው ይገባል። የዳጉሳው ይጠቁራል፣ ይወፍራል። የገብሱ ቀላ ያለና ለስላሳ ነው። የበቆሎው አሻሮ ካልበዛለት አፍ ውስጥ ቶሎ ይጠፋል። አሻሮው ጠቆር እስኪል ከተቆላ ጠላውም ይጠቁራል፤ ከተቃጠለ ግን ምሬቱ ከጌሾ ምሬት ይለያል። የጌሾ ምሬት ምላስ መጨረሻ ላይ መጥቶ ይለቃል። የተቃጠለ እህል ምሬት ጉሮሮ ላይ ይቀራል።

የልኩ ነገር ሲነሳ ብዙ ጠማቂዎች በስፍር የሚይዙት መጠን ጌሾ 1፣ ብቅል 2፣ አሻሮ 6 ገደማ ነው። ይህ ሲዛባ በጣሳው ላይ ይታወቃል። ጌሾ የበዛበት ይጎመዝዛል፣ በማግስቱ ራስ ያማል ብለው የሚሸሹትም አሉ። ጌሾ ያነሰበት ደግሞ ከመድረሱ በፊት ይኮመጥጣል፤ ጌሾው ከጣዕሙ በተጨማሪ ጠላውን ከመበላሸት ይጠብቃልና። ብቅል ያነሰበት ስስ ሆኖ ይቀራል፣ አይሞቅም። ብቅልን በተመለከተ ወሩም ይቆጠራል። ገብሱ ረጥቦ፣ በኮባ ወይም በጉሎ ቅጠል ተሸፍኖ ከበቀለ በኋላ ፀሐይ ላይ መድረቅ አለበት። ሐምሌና ነሐሴ ፀሐይ ስለሌለ ቤት ውስጥ ጭስ ላይ ይደርቃል፣ ካልደረቀም ይሻግታል። የክረምት ጠላ ላይ የሚሸተው የእርጥብ ጆንያ ዓይነት ሽታ ከዚያ ነው የሚመጣው። አዲስ እህል የገባበት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ወቅት ከሁሉ ይሻላል፤ እህሉም ብቅሉም የዓመቱ ነው።

አሁን አሁን የበዛውን ማጭበርበር ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል። ሥራውን ከሳምንት ወደ ሁለት ቀን ለማሳጠር የዳቦ እርሾና ስኳር የሚጨምሩ አሉ። እንዲህ ያለው ጠላ ሲቀዳ በጣም ያረፋል፣ መጀመሪያ ይጣፍጣል፣ ከግማሽ ጣሳ በኋላ ግን ባዶ ነው፤ የአሻሮም የጌሾም ወግ የለበትም። ሌላው ቅራሪን በጠላ ዋጋ መሸጥ ነው። ጠላው ካለቀ በኋላ አተላው ላይ እንደገና ውሃ ተጨምሮ የሚወጣው ቅራሪ በራሱ ምንም ነውር የለበትም፤ ቀላል ነው፣ ጥም ይቆርጣል፣ ለማሳ ሠራተኛም ይላካል። ነውሩ ስሙን መደበቅ ነው። ቅራሪ ጣሳው ሥር ዝቃጭ አይተውም ማለት ይቻላል፣ ሲጠጣም ምላስ ላይ ክብደት የለውም። ሦስተኛው ጭስ ማብዛት ነው። ወይራው ልክ ሲሆን ጠላው ከመዋጡ በፊት በአፍንጫ ሽው ብሎ ያልፋል፤ ሲበዛ ግን ያረጀ ጠላን ለመሸፈን የታሰበ መሆኑን ጠርጥሩ።

ጉሽ የሚወዱ አሉ፣ የማይችሉት አሉ። ጉሽ ያልጠለለ፣ ከነድፍድፉ የሚቀዳ ነው፤ ይወፍራል፣ ሆድ ይይዛል። ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ የመጣ ገበሬ ምሳ አድርጎት ይሄዳል። ለጀማሪ ግን በወንፊት ወይም በንጹሕ ጨርቅ የጠለለው ይሻላል። ከጋኑ ላይኛው ክፍል የሚቀዳው ጥርት ያለው የመጀመሪያዎቹ ደንበኞች ዕድል ነው፤ ከ9 ሰዓት በኋላ የሚመጣ ድፍርሱን ይጠጣል። የአልኮሉ መጠን ከቤት ቤት ይለያያል፤ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 በመቶ ባለው ውስጥ ይወድቃል፣ ፊልተር የሚባለው፣ ተጣርቶ የሚቀርበው ጠንካራ ጠላ፣ ወደ ላይኛው ይጠጋል። ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ሁለተኛውን ጣሳ ከመድገም በፊት ትንሽ መቆየት ብልህነት ነው።

ጋን ወይስ ፕላስቲክ በርሜል የሚለው ክርክር በየከተማው አለ። የሸክላው ጋን ያልበዋል፣ ላቡ ሲተን ጠላውን ያቀዘቅዘዋል፤ ጭሱንም ግድግዳው ይይዝለታል። በርሜል ይህን ሁለቱንም አይችልም፣ የቀድሞ ዕቃውን ሽታም አይለቅም። በጠማቂዋ በኩል ደግሞ ጋን ይሰነጠቃል፣ ለማጓጓዝ ያስቸግራል፣ ደህና ሸክላ ሠሪም እየራቀ ነው። በርሜል ባየሁ ቁጥር ይቅርብኝ ማለት ብዙ ጥሩ እጅ ያሳጣል። በበርሜል ጠምቆ በታጠነ እንስራ የሚያቀርብ ቤት ጥሩ መካከለኛ መንገድ ነው።

አገልግሎቱ ላይ እንምጣ፣ ምክንያቱም ጠላ ቤት ከሌላው መጠጥ ቤት የሚለየው እዚህ ነው። ስትገቡ ሰው ሁሉ ከመደቡ ብድግ እያለ «ኖር!» ይላል፤ መልሱ «በእግዜር» ነው። እሱን ሳይሉ በቀጥታ ባዶ በርጩማ መሳብ አላዋቂነት ይሆናል። ባለቤቷ በዕድሜ ከፍ ካለች «እትዬ» ትባላለች፤ «አስተናጋጅ» ብሎ መጥራት ቤቱን ያስቃል። ጠላውን ከመስጠቷ በፊት ጥቂት በመዳፏ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች። ንጹሕ መሆኑን ማሳያ ነውና አትቸኩሉባት። ከዚያ በዕድሜ የገፉት ይመርቃሉ፦ «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው»፣ «ለከርሞ ያድርሰን»። ከመጀመሪያው ጉንጭ በኋላ የሚሰማው ቃል ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ተመስገን»። በጉን በደህና ዋጋ የሸጠውም ይለዋል፣ በጉን ሳይሸጥ መልሶ የሚነዳውም ይለዋል። የጤፍ ዋጋ፣ የጠፋ በሬ ወሬ፣ የሠርግ ቀጠሮ፣ ዝናቡ የት እንደጣለና የት እንዳለፈ እዚሁ ይደርሳል፤ ገበያውን ግማሹን ቀን ዞሮ የማይገኘው መረጃ አንድ ጣሳ እስኪያልቅ ይገኛል። ዘመድ ከዘመድ የሚላላከውም እዚያ መደብ ላይ ነው። የቤቱ ትልቁ ሀብት ይህ ስለሆነ፣ ስልክ ላይ አቀርቅሮ የሚጠጣ ሰው ከፍሎ ከገዛው ነገር ግማሹን ትቶ ይወጣል።

የሚበላው ጥቂት ነው፤ ቆሎ፣ ንፍሮ፣ ዳቦ፣ አንዳንድ ቤት ሽሮ። የገብስ ቆሎ ከሱፍ ጋር ከተገኘ ሌላ መፈለግ አያስፈልግም። በባዶ ሆድ ግን አትጀምሩ።

ጉድለቱን መደበቅ አይገባም። የመጠጫ ዕቃው ብዙ ጊዜ በአንድ ባልዲ ውሃ ነው የሚለቀለቀው፤ ገበያው ሲደራ ባልዲው አይቀየርም። ጣሳችሁ በፊታችሁ በንጹሕ ውሃ እንዲታጠብ በትሕትና ጠይቁ፣ ወይም የራሳችሁን ኩባያ ይዛችሁ ሂዱ፤ ማንም አይቀየምም። ጋኑ ላይ የሚሞላው ውሃ አብዛኛውን ጊዜ አይፈላም፤ ሆዱ የሚረበሽ ሰው ይህን አውቆ ይግባ። መጸዳጃው ከቤቱ ኋላ ነው፣ አንዳንዴም የለም። ከ11 ሰዓት በኋላ አረቄ የሚቀላቀልበት ቤት መልኩ ይለወጣል፤ ቤተሰብ ይዞ ለሚሄድ ሰው ከዚያ በፊት መውጣት ይሻላል። እንዲያውም የገጠሩ ሰው ራሱ መንገዱ ሳይመሽበት የሚነሳው በዚያው ሰዓት ነው። መስፈሪያውም አንድ አይደለም፤ አንዱ ቤት ጣሳ፣ ሌላው ጆግ ነው። ዋጋ ከመጠየቅ በፊት ዕቃው ስንት ሊትር እንደሚይዝ ማየት ያስፈልጋል። በየትኛውም መለኪያ ግን ከቢራ በብዙ ይረክሳል። የምትከፍሉት ደግሞ በአብዛኛው በቀጥታ ልጆቿን ለምታሳድግ ሴት ኪስ ነው የሚገባው፤ አተላውም ለበሬና ለበግ ማደለቢያ ስለሚሸጥ ከጋኑ የሚጣል ነገር የለም።

ቀን ስትመርጡ ጾሙን አስቡ። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም ከቅዳሜና እሁድ በቀር፣ ጿሚው እስከ 9 ሰዓት ስለማይጠጣ ቤቱ ጭር ይላል፤ ገበያው በእነዚህ ቀኖች ከዋለ ጋኑ የሚከፈተው ዘግይቶ ነው፣ ጥርት ያለውንም ለማግኘት 9 ሰዓት ተኩል ጥሩ ነው። በፋሲካና በጥምቀት ሰሞን ሰው ሁሉ ቤቱ ስለሚጠምቅ ጠላ ቤቶች ይቀዘቅዛሉ፤ ያኔ የተሻለው ጠላ በግብዣ እንጂ በገንዘብ አይገኝም። አልኮል የማይጠጣ ሰው ወሎ ላይ ቃሪቦ ይጠይቅ፤ ጌሾ የሌለው፣ ጣፈጥ ያለ የገብስ መጠጥ ነው።

ይዞ መሄድ ለሚፈልግ፦ በጄሪካን ሲቀዳ እስከ አፉ አታስሞሉ፣ አራት ጣት ያህል ይጉደል። ጠላው መንገድ ላይም መፍላቱን አያቆምም፤ ክዳኑ ከጠበቀና መኪናው ከሞቀ ጄሪካኑ ያብጣል፣ ሲከፈትም ግማሹ ልብስ ላይ ይፈሳል። ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ፣ ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ በዚያው ማታም ጨርሱት።