የአባቴን ሃይሉክስ ላዳነልኝ መካኒክ ልጅ ምስጋና፤ መኪናችሁ ናፍጣ ለምትበላባችሁ ሁሉ

ሰው ሲበድለኝ ለጎረቤቱ ሁሉ ሳወራ ከርሜያለሁ። ደግ የሠራልኝን ሰው ዝም ብዬ ባልፈው እግዚአብሔርም አይወድልኝም። ረዘም ቢልባችሁም አንብቡልኝ፣ በተለይ የናፍጣ ፒክአፕ ይዛችሁ በየቀኑ ማደያ የምትሰለፉ።

የእኛ ቤት ሥራ ወተት ነው። ከሸኖ፣ ከአለልቱና ከሰንዳፋ ገበሬዎች ወተት እንሰበስብና አዲስ አበባ ለካፌዎችና ለቤት ደንበኞች እናደርሳለን። መኪናችን ቶዮታ ሃይሉክስ ናት፣ ዲ ፎር ዲ የሚሏት፣ ባለ 2.5 ሊትር ሞተር። አባታችን ነው የገዛት፣ ነፍሱን ይማረው። አሁን የሚነዳት ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ሒሳቡን የምይዘው እኔ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቶ ይወጣል፣ ባለ 50 ሊትር 12 ካን ሞልቶ ይመለሳል። መንደር ለመንደር የሚዞረው ሲደመር በቀን 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነዳል።

ይህች መኪና ድሮ በሊትር 9 ኪሎ ሜትር ትሄድ ነበር። በግምት አይደለም የምናገረው፤ አባቴ ነዳጅ በቀዳ ቁጥር ሊትሩንና ኪሎ ሜትሩን በደብተር ይጽፍ ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ነገሩ ተበላሸ። 8 ሆነ፣ 7 ሆነ፣ መጨረሻ ላይ 6ም አልሞላ አለ። በቀን 30 ሊትር! የናፍጣ ዋጋ በሊትር ከመቶ ብር ካለፈ ወዲህ 30 ሊትር ማለት ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ እየተፋች ከኋላ የሚመጣው ሁሉ ጡሩምባ ይነፋብናል። ቴሌብሬን ከፍቼ የወሩን የነዳጅ ክፍያ ስደምር ራሴን ያዞረኝ ነበር። ዐቢይ ጾም ሲመጣ ደግሞ የወተት ገበያ እንደሚወርድ ታውቃላችሁ። መኪናዋን ሸጠን ሥራውን እንተወው ብለን እናታችንን ለማሳመን እስከመቀመጥ ደርሰን ነበር።

እዚህ ከመድረሴ በፊት ያየሁትን መናገር አለብኝ። ስም አልጠራም፣ ለፈጣሪ ሰጥቻቸዋለሁ። ግን ያቃጥላል።

የመጀመሪያው ጋራዥ “ኢንጀክተሮቹ አልቀዋል” አለኝና ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጩትን አራቱንም ቀየረ። የከፈልኩት የዕቁብ ብሬን ነው፣ ስድስት ወር ጠብቄ የወጣልኝን። መኪናዋ ተመልሳ ስትመጣ ቆማ እንኳ ትንቀጠቀጣለች። ብመለስ “ትለምዳለች” አሉኝ። ሁለት ወር ጠበቅኩ፣ አልለመደችም። ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ሥራውን የሠራው ልጅ ከመኪና ሥር ሆኖ አየኝ፣ አልወጣም። ግማሽ ሰዓት ቆሜ ተመለስኩ።

ሁለተኛው ደግሞ “የኮምፒውተር ሥራ” የሚሠራ ነው ተብሎ የተመራሁበት ነው። ኮፈኑን ከፍቶ ትንሽ ጥቁር ሳጥን ገጠመልኝ፣ አረንጓዴ መብራት የሚበራበት። “ከነዳጅሽ ሠላሳ በመቶ ይቀንስልሻል፣ ጉልበትም ትጨምራለች” አለኝ። ጉልበት ጨመረች፣ አልዋሽም። ጭሱም አብሮ ጨመረ፣ ናፍጣውም ጨመረ። ስደውልለት “ሹፌርሽ ይረግጣታል” አለኝ፣ ከዚያ በኋላ ስልኬን አላነሳም።

ሦስተኛው አምስት ደቂቃ እንኳ ሳያያት “ሞተሩ አብቅቷል፣ ይቀየር” አለ። ለምን ብዬ ስጠይቀው ፊቱን ወደ ወንድሜ አዞረና “ቤታችሁ ትልቅ ወንድ የለም እንዴ?” ብሎ ጠየቀው። አባቴ ከሞተ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። ያን ቀን ቤት ገብቼ ምግብ አልቀመስኩም።

ወደዚህ ልጅ የላከችኝ ወተት የምትወስድ አንዲት ደንበኛዬ ናት። ኮተቤ በኩል ነው፣ ትንሽ ግቢ፣ ከአንድ ረዳት ጋር የሚሠራ። ስገባ ገና “የመኪናዋን ኮምፒውተር ፕሮግራም እንድታደርግልኝ ነው፣ ነዳጅ እንድትቀንስ” አልኩት። ኮፈኑን አልከፈተም። ወንበር አቀረበልኝና መጠየቅ ጀመረ። የት የት ትሄዳለች? ምን ያህል ትጭናለች? ከመቼ ጀምሮ ነው? ድሮስ ስንት ትሄድ ነበር? ድሮ 9 ትሄድ ነበር ስለው “በምን አወቅሽ?” አለኝ። የአባቴን ደብተር ከቦርሳዬ አወጣሁ። ለምን ይዤው እንደሄድኩ እኔም አላውቅም፤ ምናልባት ማንም አላምን ብሎኝ ስለነበር ይሆናል።

እጁ ዘይት ነበር። “አንዴ” አለኝና ተነስቶ ሄደ። በሳሙና ታጠበ፣ በፎጣ አደረቀ፣ እንደገና መጥቶ ደብተሩን በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ቅጠል በቅጠል እየገለጠ አነበበው። አባቴ በአንድ ገጽ ጥግ ላይ “ፊልትሮ ተቀየረ፣ ድምጿ ጥሩ” ብሎ ጽፎ ነበር፤ እዚያ ላይ ጣቱን አቆመና “አባትሽ መካኒክ ነበሩ እንዴ?” አለኝ። አልነበረም፣ የሚወድ ሰው ነበር እንጂ። “ይህ ደብተር ከእኔ ማሽን ይበልጣል እህቴ፣ አትጣይው” አለኝ። እዚያው አለቀስኩ። ሰው ነኝ።

ከዚያ ላፕቶፑን ሰካ። ብዙ ነገር ተናገረ፣ አብዛኛው አልገባኝም፤ የገባኝን እነግራችኋለሁ። እያንዳንዱ ኢንጀክተር ላይ የራሱ ቁጥር ተጽፎበታል። አዲስ ሲገጠም ቁጥሩ ወደ መኪናዋ ኮምፒውተር መግባት አለበት፣ አለበለዚያ ኮምፒውተሩ ለማን ስንት ናፍጣ እንደሚሰጥ ይሳሳታል። ቁጥሮቹን በባትሪ እያበራ አሳየኝ፣ ስክሪኑ ላይ ያሉትንም አሳየኝ። አንዱም አይገናኝም። “ኮምፒውተሩ እስከ ዛሬ የሚያውቀው የተጣሉትን ነው” አለኝ። ያ ሁሉ የዕቁብ ብር፣ ያ ሁሉ መንቀጥቀጥ፣ ለደቂቃዎች ሥራ!

ጥቁሩን ሳጥን ነቅሎ በእጄ ሰጠኝ። “ይህ ኮምፒውተሩን ይዋሸዋል። የናፍጣው ግፊት አንሷል ይለዋል፣ እሱም አምኖ ይጨምራል። ከኋላሽ የምታይው ጥቁር ጭስ ገንዘብ የከፈልሽበት ናፍጣ ነው፣ በደንብ ሳይቃጠል የሚወጣ።” ቀጥሎ ወንድሜን ነዳጅ እንዲሰጥ አድርጎ እጁን ከሞተሩ ሥር ሰደደና “ይኸውና!” አለ። ከቱርቦው፣ አየር ወደ ሞተሩ ከሚገፋው ዕቃ፣ የሚወጣው አየር የሚሄድበት የጎማ ቱቦ ተሰንጥቋል። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ሸኖ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። አየሩ ስስ በሆነበት አገር የተገኘውም አየር በስንጥቅ እያመለጠ ነበር ማለት ነው። ሦስት ጋራዥ ይህን አላየም። ወይም አይቶ አልነገረኝም።

“እሺ ፕሮግራሙስ?” ብለው የመለሰልኝን መቼም አልረሳውም። “አሁን ፕሮግራም ብሠራልሽ ሌብነት ነው። መጀመሪያ መኪናሽ ትዳን፣ ከዚያ ካስፈለገ እንነጋገራለን።” እየለመንኩት፣ ብሩን በእጄ ይዤ እየለመንኩት እንቢ አለ። እንዲህ ያለ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ቱቦውን ቀየረ፣ ቁጥሮቹን አስገባ፣ ጥላሸት የሞላውን የአየር መግቢያና አንድ ሴንሰር አጸዳ። ያስከፈለኝ ለኢንጀክተሮቹ ካወጣሁት ጋር ሲነጻጸር ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። ከዚያ ለሦስት ቀን መለካት አለብን አለ። ከአንድ ማደያ፣ ፉል ተሞልቶ፣ በዚያው መንገድ ተሄዶ፣ ተመልሶ እዚያው ፉል። ጾም ስለሆነ የምንጭነው 5 ካን ብቻ መሆኑን ስነግረው ደግሞ “የቀሩትን ሰባቱን ውሃ ሙሏቸው፣ ጭነቱ ካልተስተካከለ ቁጥሩ ያታልለናል” አለ። ደነገጥኩ። በወተት ሥራ ላይ ያለ ሰው ውሃ የሚለውን ቃል እንዴት እንደሚፈራ እሱ አያውቅም መሰለኝ። ሰው ካን ላይ ውሃ ስንሞላ ቢያየን የአባቴ ስም በአንድ ቀን ይጠፋል! ይህን ስነግረው አልሳቀብኝም። ሄዶ ቀይ ሽቦ አመጣና ውሃ የሚገባባቸውን ሰባቱን ካኖች እጀታ በእጁ አሰረልኝ፣ አንዱም ከወተቱ እንዳይቀላቀል። የሰውን ጭንቀት እንደ ራሱ የሚያይ ሰው እንዲህ ነው።

በሦስቱ ቀን በሊትር ከ8 ኪሎ ሜትር በላይ ሄደች። ያለ ምንም ፕሮግራም! እዚያ ላይ ማቆም እንችላለን አለኝ። “ትንሽ የሚሻሻል ነገር አለ፣ ግን ተአምር አትጠብቂ” አለኝ። እኔ ይሠራ አልኩ።

አራተኛው ቀን ከሌሊቱ 10 ሰዓት በራችን ላይ ቆሞ አገኘነው። ጋቢውን ደርቦ፣ ላፕቶፑን አቅፎ። መኪናዋን በምትሠራበት መንገድ ላይ ማየት አለብኝ ብሎ ነው። እኔም አብሬ ሄድኩ። ከለገጣፎ ጀምሮ እስከ ሸኖ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ዳገት በመጣ ቁጥር ወንድሜን “አሁን በሦስተኛ፣ አሁን በአራተኛ” እያለ፣ ቁጥሮቹን እያየ ሄደ። የሸኖን የሌሊት ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጣቱ ደንዝዞ ፊደል መምታት ሲያቅተው እጁን ብብቱ ውስጥ እየከተተ ያሞቃል፣ መልሶ ይጽፋል። ለዚህ መንገድ አምስት ሳንቲም አልጠየቀኝም።

የሠራውን አልገባኝም ብያችኋለሁ። የነገረኝ ይህን ነው፦ ጉልበት አልጨመረም፤ “ጉልበት ብጨምርልሽ ፍሪሲዮኑና ቱርቦው ናቸው የሚከፍሉት” አለ። ወንድሜ አዘውትሮ በሚነዳበት ፍጥነት ላይ የናፍጣውን አሰጣጥ ብቻ ነው ያስተካከለው። የመኪናዋን የመጀመሪያ ፕሮግራም ደግሞ ሳይነካ ፍላሽ ላይ ገልብጦ ሰጠኝ። “ያንቺ ነው፣ አንድ ቀን ወደ ነበረበት መመለስ ብትፈልጊ ማንም ጋር ሄደሽ ማስጫን ትችያለሽ፣ እኔ ጋ ብቻ መምጣት የለብሽም።” ያ ሳጥን የሸጠልኝ ሰው ስልክ አያነሳልኝም፣ ይህ ልጅ ደግሞ ከእሱ ነጻ የምሆንበትን ነገር በእጄ ሰጠኝ።

ዛሬ ሦስት ሳምንት አለፈን። በሊትር 9፣ አንዳንድ ቀን ትንሽ አልፎ። 30 ሊትር የነበረው 20 ሆኗል። በቀን ከአንድ ሺህ ብር በላይ ኪሳችን ይቀራል። ጭሱ የለም። ልጁ ራሱ ግን ትልቁ ለውጥ የመጣው ከጥገናው መሆኑን ደጋግሞ ነግሮኛል፤ ከፕሮግራሙ የተገኘው ትንሹ ነው፣ የቀረውን ደግሞ የወንድሜ እግርና የጎማው አየር ይወስነዋል አለ። ሁሉንም የፕሮግራሙ ውጤት ነው ቢለኝ አምነው ነበር። አላለኝም።

እባካችሁ፣ የናፍጣ መኪና ያላችሁ፣ ሞተር ይቀየር ከመባላችሁ በፊት፣ ሳጥን ከመግዛታችሁ በፊት እዚህ ልጅ ጋ ሂዱ። በተለይ እህቶቼ፣ ጋራዥ ሄዳችሁ ወንድ ላኪ የተባላችሁ፣ እዚያ ሂዱ። ወንድሜ አጠገቤ ቆሞ እያለ የሚያስረዳው ለእኔ ነበር፣ ደብተሩን የምይዘው እኔ ስለሆንኩ። ስሙንና ስልኩን እዚህ ያልጻፍኩት ሰው በአንዴ እንዳይጎርፍበት ስለለመነኝ ነው፤ ወረፋ ማስጠበቅ አይወድም። በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ ግን እሰጣለሁ፣ አስፈቅጄዋለሁ። ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉለት፣ የነዳጅ ክፍያችሁን መዝግባችሁ ሂዱ፣ የምትጭኑትን በትክክል ንገሩት።

ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ፦ ያን ቀን ጠዋት ሸኖ ስንደርስ እናቴ ሽሮና ሻይ አቅርባልህ “ምነው ልጄ፣ ከወተት ቤት በጾም መጣህብኝ” ብላ ስታዝን አይተሃታል። እስከ ዛሬ ከአፏ አልወጣም። የሸኖ ለጋ ቅቤ በቅል አስቀምጣልሃለች፣ ማንም እንዳይነካው ብላ ከአልጋዋ ሥር። ለፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ እኔው ራሴ ይዤልህ እመጣለሁ፣ ግቢውን እንዳትዘጋ።