የሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና፦ እጃቸው ጥሩ፣ ወረቀታቸው ለእኛ የማይሆን

በቀዶ ሕክምናው ረክቻለሁ፤ ሲያሰናብቱኝ በሰጡኝ የምግብ ዝርዝር ግን አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ የግል ሆስፒታል ነው፤ ስሙ ይቆየን።

መጀመሪያ የሚመሰገነው ይመስገን። ከቀኝ ጎድኔ ሥር ተነሥቶ ትከሻዬ ድረስ የሚወጋኝን ሕመም ያየ ሁሉ «ጨጓራ ነው» ሲለኝ ኖሯል። እዚህ ያገኘሁት ሐኪም ግን የሚነሣብኝ መቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። ክትፎ ወይም ዶሮ ወጥ በበላሁ ሌሊት መሆኑን ስነግረው፣ በማግስቱ ምንም ሳልቀምስ ለአልትራሳውንድ እንድመጣ አዘዘ፤ ሰው ከበላ የሐሞት ከረጢቱ ስለሚኮማተር ጠጠሩ በደንብ አይታይም። ባለሙያዋ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ጠጠሮቹ ነጫጭ ናቸው፣ ከኋላቸው ጥቁር ጥላ አለ፤ በጎኔ ስገለበጥ አብረውኝ ይንከባለላሉ!

ሐኪሙ አላስፈራራኝም። ሕመም የሌለው ጠጠር ብዙውን ጊዜ እንደማይነካ፣ የእኔ ግን ስለሚመላለስ ከረጢቱ ቢወጣ እንደሚሻል አስረዳኝ። ጠጠሩን ብቻ ለቅማችሁ ከረጢቱን ተዉልኝ ብዬ ተከራከርሁ። «ከረጢቱ ካለ ጠጠሩ ተመልሶ ሊሠራ ይችላል፤ ሐሞቱን የሚያመነጨው ጉበት ነው፣ ያለ ከረጢቱም ይኖራሉ» አለኝ። እስከ ቀጠሮዬ ድረስ ትኩሳት፣ የዓይን ቢጫ መሆን ወይም ለሰዓታት የማይለቅ ሕመም ከመጣብኝ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል እንድገባ አስጠነቀቀኝ።

ሆዴ ላይ የተከፈቱት አራት ትንንሽ ቀዳዳዎች ናቸው። ያሠቃየኝ ቁስሉ ሳይሆን ትከሻዬ ነው። ሆድ ለመንፋት ያስገቡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያመጣው እንደሆነና በራሱ እንደሚጠፋ ቀድሞ የነገረኝ ቢኖር፣ ያን ሌሊት በድንጋጤ ባላነጋሁ።

ወረቀቱስ? ብሮኮሊ፣ ሳልመን፣ ቅባቱ የወጣለት እርጎ። ስለ ሽሮ፣ ስለ ንጥር ቅቤ አንድ ቃል የለም። ያዳነችኝ ነርሷ ናት፤ አልጋዬ ጫፍ ቁጭ ብላ «ጋሼ፣ ለጊዜው ቅቤውና ቁሌቱ ይቅርብዎ። ሽሮውንም የጾም ነው ብለው ዘይት አያብዙበት። ትንሽ ትንሽ እየበሉ፣ ሆድዎ ሲለምድ ቀስ ብለው ይመለሱበታል» አለችኝ። ዝርዝሩን እሷ ብትጽፈው ምን ነበረበት?

ለመታከም የምታስቡ፣ ዋጋ ሲነገራችሁ የማደንዘዣው፣ የአልጋውና የወጣው ከረጢት የላቦራቶሪ ምርመራ አብረው መታሰባቸውን አረጋግጡ። የእኔ የላቦራቶሪው ሒሳብ ለብቻው የመጣው ልብሴን ለብሼ ከጨረስሁ በኋላ ነው።