ትሬድሚል ወይስ ቋሚ ሳይክል? ሃምሳን ለተሻገረ ገዢ

ሰሞኑን የሚደውሉልኝ ጓደኞቼ ጥያቄያቸው አንድ ነው። አንዱ ስኳር አለብህ ተብሏል፣ አንዱ ግፊቱ ከፍ ብሏል፣ አንዱን ሱሪው እምቢ ብሎታል። ሁሉም «ትሬድሚል ልግዛ ወይስ ሳይክል?» ይሉኛል፤ የሚዞር ላስቲክ ላይ የሚሮጡበትን ማሽን ወይስ ከቦታው ሳይንቀሳቀስ ቤት ውስጥ የሚነዱትን ሳይክል ማለታቸው ነው። ሁለቱንም ገዝቼ አይቻለሁ፤ መልሴ ሳይክል ነው። ለምን እንደሆነ በብር ልንገራችሁ፣ ያንገበገበኝ እሱ ነውና።

ትሬድሚሉን የገዛሁት በ2015 ዓ.ም. በ52,000 ብር ነው። ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ለማውጣት ተሸካሚዎቹ 1,200 ተቀበሉኝ። ወር ሳይሞላው መብራት ሄዶ ሲመጣ ቦርዱ፣ ማሽኑን የሚያዘው የኤሌክትሪክ ክፍል፣ ተቃጠለ፤ 14,000። ሻጩ ጋ ደረሰኜን ይዤ ብሄድ «ዋስትናው የመብራት ችግርን አይጨምርም» አለኝ። ጠጋኙ ደግሞ «ያለ ስታቢላይዘር እንዴት ትሰካዋለህ?» ብሎ ተቆጣኝ። ስታቢላይዘር፣ የመብራቱን ከፍና ዝቅ ማለት የሚያስተካክለው ዕቃ፣ 6,500።

ከዚያ የሚረገጠው ላስቲክ መንጫጫት ጀመረ። ሌላ ሰው ጠራሁ። የመኪና ግራሶ ይዞ መጣና ከሥሩ ለቀለቀው። ሁለት ሳምንት ጸጥ አለ፤ በሦስተኛው ላስቲኩ አብጦ ከእግሬ ሥር ይንሸራተት ጀመር። ለካ የሚቀባው የሲሊኮን ዘይት ብቻ ነው! ግራሶም የሞተር ዘይትም ላስቲኩን ይበላዋል። አዲስ ላስቲክ 7,000። የእጅ ዋጋ ሁለቴ ከፍያለሁ፣ 1,500፣ 1,500። ደምሩት፤ 83,700 ብር።

ማሽኑ ላይ «4 ፈረስ ጉልበት» የሚል ተለጥፏል። ይህ ብዙ ጊዜ ሞተሩ ለቅጽበት የሚያወጣው ነው። ሳያቋርጥ የሚሠራበት ጉልበት ከዚያ በብዙ ያንሳል። ግዴታ ትሬድሚል ካላችሁ ሁለተኛውን ቁጥር ጠይቁ። ሻጩ ከተንተባተበ ውጡ።

ብሩ ይቅር እንበል። አንድ ቀን ማለዳ እየሮጥኩ መብራት እልም አለ። ማሽኑ ቆመ፣ እኔ ቀጠልኩ። ደረቴ ከመያዣው ጋር ተላትሞ ሳምንት ሙሉ ማስነጠስ ፈራሁ። በዚህ ዕድሜ መውደቅ ቀልድ አይደለም። ከታች ያሉት እማማ ደግሞ ደረጃ ላይ ባገኙኝ ቁጥር «ልጄ፣ በሌሊት ምንድን ነው የምትወቅጠው?» ይሉኛል። የምወቅጠውስ ጉልበቴን ነበር። 53 ዓመት ሞልቶኝ በ25 ዓመቴ ፍጥነት ልሮጥ ስል አበጠብኝ።

ሳይክሉን ከቴሌግራም ላይ፣ ወደ ውጭ ከሚሄድ ሰው፣ አሮጌውን በ18,500 ገዛሁ። ማግኔቲክ ነው፤ ፔዳሉን የሚያከብደው ማግኔት ነው። ግድግዳ ላይ አይሰካም፤ ስክሪኑ በሁለት ባትሪ ድንጋይ ይሠራል። ኩሽኔታ አንዴ ቀይሬያለሁ፣ 600። ሌላው ወጪ የሞኝነት ነው። የግራው ፔዳል ሲላላ የሰፈር ብስክሌት ጠጋኝ እንደማንኛውም ቡሎን ወደ ቀኝ አዙሮ አጠበቀውና ጥርሱን በላው። የግራ ፔዳል የሚጠብቀው በተቃራኒው፣ ወደ ግራ ሲዞር ነው። ፔዳሉን የሚይዘውን ክንድ ለማስለወጥ 1,800። ድምሩ 20,900፤ አለቀ።

ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የምንዛሬ ተመኑ ለገበያ ስለተለቀቀ የእኔ ዋጋ ዛሬ ላይሠራ ይችላል። ልዩነቱን ግን እዩት።

ሳይክልም ኮፒ አለው። «ማግኔቲክ» ተብሎ ተለጥፎበት ውስጡ ግን በፔዳሉ የሚዞረውን ጎማ እየተጫነ የሚያከብደው ቁራጭ ጨርቅ የሆነ አጋጥሞኛል። ጨርቁ ያልቃል፣ ይሸታል። ማክበጃውን እስከ መጨረሻ አዙራችሁ ፔዳሉን በእጃችሁ አሽከርክሩትና ጆሮ ስጡት። የሚፋቅ ነገር ከተሰማ ጨርቅ ነው። ማግኔት ጎማውን ሳይነካ ነው የሚይዘው።

ለጉልበት ደግሞ ኮርቻው ነው ዋናው፤ ክብደታችሁን እሱ ይሸከመዋል። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበታችሁ ትንሽ ብቻ እንዲታጠፍ ከፍ አድርጉት። ዝቅ ካለ የጉልበት ፊት ያማል፤ እኔ ይህን ለማወቅ አንድ ወር ፈጅቶብኛል። ማክበጃውን አላልቶ ቶሎ ቶሎ መዞር፣ አክብዶ ከመግፋት ይሻላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። እኔ ጠዋት አሥር፣ ማታ አሥር ደቂቃ ብዬ ነው የጀመርኩት። ልኩን በወሬ እለካዋለሁ፤ ማውራት ከቻልኩ መዝፈን ግን ካቃተኝ ደህና ነው። ደረታችሁን የሚወጋችሁ ወይም የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሂዱ።

አንድ ሳይክል የማይሰጠው ነገር አለ። ተቀምጣችሁ ስለምትሠሩ አጥንት የሚያጠነክር ጫና የለውም። ለዚያ በሳምንት ሁለት ቀን ቁጭ ብድግ እሠራለሁ፣ ደረጃዬንም በእግሬ እወጣለሁ። ዎክ ማድረግማ ነጻ ነው፤ ግን በክረምት ጭቃው፣ በንጋት ደግሞ ውሻው!

ትሬድሚሉን አምና በ25,000 ሸጥኩት። ለገዢው ቦርዱን፣ ግራሶውን፣ ደረቴን፣ እማማን ሳይቀር ሁሉንም ነገርኩት። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝና «ስታቢላይዘሩን ትመርቅልኛለህ?» አለኝ። መረቅኩለት።