የበር በያጅ ታንከር ፋብሪካ ሲገባ፦ የስድስት ሳምንቱ ሥልጠና እንዴት ነው?

ደብረ ማርቆስ ላይ ዘጠኝ ዓመት በርና መስኮት በይጃለሁ። ቱቦላሬና አንጎላሬ ስጡኝ እንጂ ሌላው ቀላል ነው እል ነበር። (ያለ ማስክ ጣል ጣል የማድረግ አመሌ ግን ብዙ ሌሊት ዓይኔን አሸዋ የገባበት አስመስሎ አሳድሮኛል።) ቡሬ በኩል ታንከር የሚሠራ ፋብሪካ በያጅ ከመቅጠሩ በፊት ስድስት ሳምንት አሠልጥኖ ይፈትናል ሲሉኝ፣ እኔን ደግሞ ምን ሊያስተምሩኝ ብዬ ነው የሄድኩት።

መጀመሪያ ቀን፣ ሁላችንም «አያ» የምንለው አሠልጣኝ ውፍረታቸው 10 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት ብረቶች አቀበለኝ። «እስቲ ወንድምዓለም፣ አቁመህ በይዳት» አለኝ። ከታች ወደ ላይ ነው፤ 3ጂ የሚሉት። ፊቷን እንደ ሹሩባ አሳምሬ አስረከብኩ። አያ ዞሮም አላያት። ሁለት ጣት የሚሆን ቁራጭ አስቆረጠ፣ በግራይንደር አስላጠ፣ ፕሬስ ውስጥ ከትቶ እንደ «በ» ፊደል ያጥፋት ጀመር። ግማሽ እንኳ ሳትደርስ ቀጭ! ስንጥቁ ውስጥ ጥቁር ስላግ፣ ማለትም ስንበይድ ከላይ የሚጋገረው ቅርፊት፣ ተኝቷል። ከ3 ሚሊ ሜትር የበለጠ ክፍተት ከታየ ወድቀሃል ማለት ነው፤ የእኔው ጣት ያስገባል። ለካስ በር ላይ አንድ መስመር ስበን ስለምንሄድ፣ ንብርብር ሲበየድ በየመስመሩ መሃል ስላግ ጠርጎ ማውጣት የሚባለውን ነገር አላውቀውም ነበር። ለዚህች ትምህርት ብቻ ስድስቱ ሳምንት አይቆጨኝም።

የከፋኝ ኤሌክትሮዱ፣ ቀልጦ ብረቱን የሚያጣብቀው ዘንግ ነው። እኛ የለመድነው 6013 የሚባለው ዓይነት ብዙም አይቀበጥም። 7018 ግን እርጥበት ከጠጣ ሃይድሮጅን ወደ ብየዳው ያስገባና ብረቱን ያሰነጥቃል፤ ካርቶኑ ከተከፈተ በኋላ 120 ዲግሪ ገደማ በሚሞቅ ምድጃ ነው የሚቀመጠው። ይህን ያስተማሩን እነሱው ናቸው። ምድጃቸው ግን ተበላሽቶ፣ በዚያ በሐምሌ ዝናብ ካርቶኑ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጦ ነበር። ብንናገርም «ይሠራል» ከማለት በቀር ያመጡት የለም።

ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ያላችሁም እንደገና ትፈተናላችሁ፤ አትቀየሙ። ካለፋችሁ በኋላም ስድስት ወር በዚያው የብየዳ ዓይነት ካልሠራችሁ ፈተናው ይደገማል። እኔ በሦስተኛው ሙከራ አለፍኩ።

ማስክ የራሳችሁን ያዙ። የእነሱ መስታወት በፍንጣሪ ከመጠበሱ የተነሣ መስመሩን ሳይሆን ጭሱን ነው የምታዩት።