ክራስቲል ወይስ ፔንግ-ሮቢንሰን? መድኃኒት በሱፐርክሪቲካል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሟሟ

ሱፐርክሪቲካል የሚባለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከክሪቲካል ሙቀቱና ግፊቱ፣ ማለትም ጋዝና ፈሳሽ መለየት ከሚያቆሙበት ነጥብ፣ በላይ ያለው ነው። መድኃኒት በውስጡ ምን ያህል እንደሚሟሟ (ሙሟሟቱን) ለማስላት ከሚያገለግሉት ቀመሮች ሁለቱ ክራስቲልና ፔንግ-ሮቢንሰን ናቸው። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሆኖ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚሠራ ተማሪ 300 ባር ግፊት የሚችል ዕቃ ባያገኝም፣ ታትሞ የወጣ የሙሟሟት መረጃና ላፕቶፕ ካለው ሞዴል መሥራት ይችላል።

ክራስቲል (1982)፦ የሙሟሟቱ ሎጋሪዝም = ኬ × የእፍጋቱ ሎጋሪዝም + ኤ/ሙቀት + ቢ። ከመረጃው የሚወጡት ሦስት ቋሚ ቁጥሮች (ኬ፣ ኤ እና ቢ) ብቻ ናቸው፤ ኤክሴል ይበቃዋል። ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው አሃድ ነው፦ ሙሟሟት በግራም በሊትር፣ ሙቀት በኬልቪን፣ እፍጋቱ ደግሞ የንጹሁ ካርቦን ዳይኦክሳይድ። የሞል ክፍልፋይን (የመድኃኒቱ ሞል ለድብልቁ ጠቅላላ ሞል ሲካፈል) እንዳለ ያስገባ ሰው ያገኘው ቋሚ ከማንም ጋር አይገጥምም። ከተለካው ክልል ውጭ ግን አይታመንም።

ፔንግ-ሮቢንሰን (1976)፦ የመድኃኒቱን ክሪቲካል ሙቀትና ግፊት፣ አሴንትሪክ ፋክተር (የሞለኪውሉ ቅርጽ ከሉል ምን ያህል እንደራቀ የሚገልጽ ቁጥር)፣ የጠጣሩን የሞል ይዘት (የአንድ ሞል ቮሊዩም) እና የሰብሊሜሽን ግፊት (ጠጣሩ ሳይቀልጥ በቀጥታ ሲተን የሚፈጥረው ግፊት) ይጠይቃል። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው መድኃኒት ክሪቲካል ሙቀቱ ላይ ሳይደርስ ስለሚፈርስ ቁጥሩ በግምት ይሞላል። የሰብሊሜሽን ግፊቱ በእጥፍ ከተሳተ የሚተነበየው ሙሟሟትም በእጥፍ ይሳታል፤ የመድኃኒቱና የካርቦን ዳይኦክሳይዱ መስተጋብር ቋሚ ከመረጃው ጋር እንዲገጥም ሲስተካከል ስህተቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም። መስመሩ ነጥቦቹን ስለነካ ብቻ መደሰት አያዋጣም።

በ308፣ 318 እና 328 ኬልቪን የተለካ መረጃ ይዞ በመካከል ያለውን ክፍተት ለመሙላት ክራስቲል። ኤታኖል ሲጨመር ወይም የፌዝ ሚዛን (ጠጣር፣ ፈሳሽና ጋዝ አብረው የሚቆዩበት ሁኔታ) ሲፈለግ፣ የመድኃኒቱ ባሕርያት በአስተማማኝ የሚታወቁ ከሆነ፣ ፔንግ-ሮቢንሰን።